አንጀት ከመትከል በፊት

ሰሞኑን ስለ አገራችን ሕክምና ስንጨዋወት አንድ ወዳጄ፣ «ኩላሊት መተካት ከጀመርን ቆየን፤ አንጀትስ የማንተክልበት ምክንያት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወዳጄ ቅን ሰው ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን ሕፃናትን የሚገድል ነው ብዬ ስለማምን ብዕሬን አነሣሁ።

አንጀቱ ተጠማዝዞ ወይም በሕመም ተጎድቶ አብዛኛው የተቆረጠበት ሕፃን የሚጠባው ወተት አይበቃውም። በሕይወት የሚያቆየው በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ ነው። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ይህ ምግብ ጉበቱን ሲጎዳ ወይም ምግቡ የሚገባባቸው የደም ሥሮች ሲዘጉ ነው። የተተከለው አንጀትም በቀላሉ አይለመድም፤ በባክቴሪያና በተከላካይ ሕዋሳት የተሞላ በመሆኑ ከኩላሊት ይበልጥ ሰውነት ይገፋዋል።

ጥበቡ በተስፋፋበት በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕፃናትና በአዋቂዎች ላይ ወደ 200 የሚጠጋ የአንጀት ንቅለ ተከላ ተደርጎ ነበር። በ2020ዎቹ ግን ዓመታዊው ቁጥር ከ100 በታች ወርዷል። ቢላዋው ደንዝዞ ይሆን? አይደለም። ካትሊን ጉራና ማርክ ፑደር የተባሉ የቦስተን ሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በደም ሥር ምግቡ ውስጥ ያለውን የአኩሪ አተር ዘይት በዓሣ ዘይት መተካት ጀመሩ፤ የብዙ ሕፃናት ጉበት አገገመ። የደም ሥር ቱቦ ንጽሕና አጠባበቅም ተሻሻለ። የንቅለ ተከላን አስፈላጊነት የቀነሰው የተሻለ አመጋገብና ጥንቃቄ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ነገር ግን በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ለጨቅላ ሕፃን የሚሆን የደም ሥር ምግብ እንደ ልብ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 በላንሴት መጽሔት የወጣ የ74 አገሮች ጥናት አንጀታቸው ከሆዳቸው ውጭ ሆኖ ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል በድሃ አገሮች ከ100ው 90ው፣ በሀብታም አገሮች ግን ሁለት እንኳ የማይሞሉ እንደሚሞቱ አሳይቷል። አብዛኞቹ የዳኑት የሌላ ሰው አንጀት ተተክሎላቸው አይደለም፤ በጊዜ ተደርሶላቸው፣ በደም ሥር ተመግበው እንጂ።

«ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እጠይቀዋለሁ፦ ንቅለ ተከላ የሚጠብቀው ሕፃን እስከዚያው ምን እየበላ ይቆያል? መሠረት ሳይጣል ጣራ አይዋቀርም።

ችግሩ ፖለቲካዊ ነው። ለአዲስ ማዕከል ሪባን ይቆረጣል፤ ሹማምንት ንግግር ያደርጋሉ። ለምግብ ከረጢት ግን ሪባን አይቆረጥም፤ ነርሷ እጇን ታጥባ ቱቦውን ስትቀይር ካሜራ አይመጣም። ስለዚህ በጀቱ ወደሚታየው ያደላል።

በጀት የምትመድቡ ሆይ! በቅድሚያ የደም ሥር ምግቡን፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙንና የሠለጠነችውን ነርስ በየክልሉ አሟሉ። የእናት አንጀት የሚርሰው የምረቃ ዜና ሰምታ ሳይሆን ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው።