ድንገተኛ ሀብትና የአርሲ ገበሬ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በፊልም ምሽታችን «ሚስተር ዲድስ ወደ ከተማ ሄደ» የተባለው ሲኒማ ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ስንወጣ ግን አንድ ጓደኛችን «ይህ የፈረንጅ ቀልድ ለአርሲ ልጅ ምን ይረባዋል?» ሲል ሰማሁት። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚገባ ስለ መሰለኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ስለ ገንዘብና ስለ ድንገተኛ ሀብት የተሠሩት የጥንት አስቂኝ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት፥ ሰውን የምናከብረው ለራሱ ነውን ወይስ ለኪሱ? የሚለውን ነው። ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጣው «የከተማ መብራቶች» ውስጥ አንድ ሚሊየነር ሲሰክር ድኻውን እያቀፈ ይስማል፤ ስካሩ ሲበርድለት ግን ጨርሶ አያውቀውም። እንዲህ ያለውን ወዳጅ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

የፍራንክ ካፕራ ፊልም ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። በ1936 እ.ኤ.አ. በተሠራው በዚህ ፊልም ጋሪ ኩፐር ሆኖ የሚጫወተው የገጠር ከተማ ሰው ከአጎቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ይወርሳል። በሀብቱ ሲሰለች አንድ መሬቱን ያጣ ገበሬ ቤቱ ገብቶ ሽጉጥ ይደግንበታል። ያን ጊዜ ዲድስ ገንዘቡን ለሥራ አጥ ገበሬዎች ሊያውለው ይወስናል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ 10 ኤከር መሬት፥ አንድ ፈረስ፥ አንዲት ላምና ዘር መስጠት ነው። ሦስት ዓመት ያረሰው መሬቱ የራሱ ይሆናል። በዚህ ምክንያት «አብዷል» ተብሎ ፍርድ ቤት ይቀርባል! እንግዲህ በዚያ ፊልም ውስጥ ሀብትን ማባከን እንደ ጤና ሲቈጠር መሬት ማካፈል እብደት ሆነ ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህ ለእኛ የሩቅ ተረት ነውን? 10 ኤከር በእኛ ልክ 4 ሄክታር፥ ማለትም የአንድ ጋሻ አንድ አሥረኛ ነው። አያቴ በጭላሎ ግርጌ ጭሰኛ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል መሬት የራሴ ነው ብሎ አያውቅም። ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ሲጀመር፥ ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ብዙ ባለርስቶች ጭሰኛውን አስወጥተው በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። አያቴም በሬዎቹን እየነዳ ከወጡት አንዱ ነው። ድንገተኛው ሀብት ለአንዱ መጣ፥ ድንገተኛው ስደት ለሌላው ደረሰ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ እንደ ዲድስ እብድ ያሏቸው አልጠፉም ይሆናል። ዳሩ ግን ከ10 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዐት ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ ፈቀደ። የኋላው ታሪክ ሌላ ብዙ ጣጣ እንደ ነበረው አልክድም፤ ቢሆንም ትናንት እብደት የተባለው ነገር ሕግ ሆኖ ታየ።

እኔም የምለው ይህን ነው። ዛሬ ከመካከላችን የሎተሪ ቍጥር የሚያሰላ፥ በኳስ ውርርድ የወር ገንዘቡን የሚጨርስ አለ፤ ሁላችንም የምናልመው ገንዘቡ ሲመጣ ምን እንደምንገዛ ነው። የዲድስን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፦ ይህ ሀብት ሲመጣልኝ በሬውን እየነዳ የሚወጣው ማን ነው?

ስለዚህ ለፊልም ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፊልሙ እንዳለቀ መብራቱን አብርተን ከመበተን ይልቅ፥ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ የአሰላ ሽማግሌዎችን ጋብዘን ግማሽ ሰዓት እንስማቸው። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ለአርሲ ልጅ ይረባው እንደሆነና እንዳልሆነ ጓደኛዬ ራሱ ይፍረድ።