የኮንትራት አውቶቡስና የሾፌሩ እንቅልፍ

የመስከረም ወር አጋማሽ ደርሶ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ በወላይታ ሶዶ ከተማ የኮንትራት መኪና ፈላጊው ብዙ ነው። በዓሉም ካለፈ በኋላ ቢሆን ፈላጊው አይጠፋም። ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የአጆራን መንታ ፏፏቴ ለማየት ይነሣሉ፤ የየመሥሪያ ቤቱ ወጣት ሠራተኞች የባልደረባቸውን ሠርግ ለማጀብ ወደ ገጠር ይወርዳሉ፤ ለቅሶ የሚደርሰውም አለ። አገርን በዓይን አይቶ ማወቅ፣ ወዳጅንም በደስታውና በኀዘኑ ቀን አለመለየት የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን መኪናውን ስለምንከራይበት አኳኋን ነው።

ነገሩ ዘወትር እንዲህ ይሆናል። ሦስት ሰዎች ተመርጠው ወደ መናኸሪያው ይላካሉ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውም «ቀንስ እንጂ!» ነው። ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ ይዞ የተመለሰው ጎበዝ ተብሎ ይመሰገናል። የተቀነሰው ብር ከየት እንደተቀነሰ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ነዳጁ ለተማሪ ተብሎ ዋጋው አይቀነስም፤ ጎማውም በልመና አያድስም። ባለ መኪናው የጎደለበትን መሙላቱ ስለማይቀር ወይ በወንበሮቹ መካከል ሰው ያቆማል፤ ወይ ማለቅ የነበረበትን የፍሬን ጥገና ለሚቀጥለው ሳምንት ያሳድራል፤ ወይም ሾፌሩን በዋዜማው ሌላ ኮንትራት ያሠራዋል። ከሦስቱ በጣም የተለመደውና ለዓይን የማይታየው ይህ የመጨረሻው ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ከዚህም አልፈው አውቶቡሱን ትተው የጭነት መኪና ይከራያሉ። የወላይታ ጎረቤት በሆነው በሲዳማ ክልል፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ሰው ያሳፈረ የጭነት መኪና ገላና ድልድይ ላይ ሲደርስ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞተዋል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ለሠርግ የሚጓዙ ነበሩበት። የጭነት መኪና ለእህልና ለሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ወንበርም፣ ቀበቶም፣ ጣሪያም የለው። አውቶቡስ በማይገባበት ቀበሌ የሚኖረው ገበሬ ሌላ ምርጫ አጥቶ ቢሳፈርበት ልንወቅሰው አንደፍርም፤ መንገዱንና አውቶቡሱን ማድረስ የሌላው ዕዳ ነው። በከተማ ተቀምጦ፣ አውቶቡስ ሞልቶለት፣ የነፍስ ወከፍ መዋጮው ጥቂት ብር እንዲቀንስለት ብሎ ባልደረቦቹን በጭነት መኪና ላይ የሚያስወጣውን የተማረ ሰው ግን እንወቅሰዋለን።

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ አንዱ መንገድ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ ሌላው በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ ሌላው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳል። በበሌ በኩል ወደ ዳውሮ የሚወስደውም አለ። አስፋልቱን ይዞ መሄድና ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ መግባት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የወላይታ አፈር ቀይ ነው፤ የበልግም ሆነ የክረምት ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስለዚህ ትልቁ አውቶቡስ ያምራል ተብሎ ብቻ አይከራዩትም። ለአርባ ምንጭ መንገድ የሚመቸው ረጅሙ አውቶቡስ በጠባቡ የገጠር መንገድ መዞሪያ አጥቶ ሲቸገር፣ ኮስተሩ ወይም ቅጥቅጡ ቀስ ብሎ ያልፋል። ትልቁን የግድ የሚከራዩ ከሆነ አስፋልቱ ዳር ቆሞ እንዲጠብቅና ቀሪውን በእግር ለመሄድ አስቀድሞ መስማማት ነው። በእግር መሄድ ለወጣት ምን ክፋት አለው?

ሾፌሩንም «ይህን መንገድ ታውቀዋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በየትኛው ወር ሄድክበት?» ማለት ይገባል። በጥር ያወቀው መንገድ በሐምሌ ሌላ መንገድ ነው። ከደጋው ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ የሚወርደውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይዞ የሚወርድና በፍሬን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሾፌር እኩል አይደሉም። የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ መንገዱ የከብቱ፣ የአህያ ጋሪው፣ የባጃጁና የእግረኛው ስለሆነ በካርታ አንድ ሰዓት የሚመስለው ጉዞ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ እንቅልፉ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተጓዦቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው፣ አባያንና ጫሞን አይተው፣ ዓሣውን በልተው፣ በጀልባም ተንሸራሽረው ማታ 4 ሰዓት ቤታቸው ለመግባት ያቅዳሉ እንበል። ሾፌሩ መኪናውን ለማዘጋጀት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቷል። እንግዲህ ሲመለስ 19 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ቆይቷል ማለት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ምርመራ እንደታወቀው 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይቀንሳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአውቶቡስ ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ የቀኑም መንዳት በተለምዶ ከ9 ሰዓት አይበልጥም። እኛ ግን ሾፌሩ ሲያዛጋ አይተን ጫት እንገዛለታለን። መልካም የሠራን ይመስለናል!

ሌላም አለ። የወላይታ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው። ሠርግ ቤት የገባ ሾፌር ሥጋው በዳጣ ይቀርብለታል፤ አረቄውም ይከተላል፤ እንቢ ቢል ባለቤቱ ይቀየማል። አጃቢዎቹ ቀደም ብለው ለባለቤቱ ነገሩን ቢያስረዱትና ሾፌሩ በልቶ ጋደም የሚልበት ቦታ ቢለምኑለት፣ ከመጠጡ ይልቅ ይህ ክብሩ ነው። ተጓዦቹ በአንድ ማዕድ ሲበሉ ሾፌሩና ረዳቱ መኪና ውስጥ ቆሎ እየቆረጠሙ የሚቆዩበት ጊዜም አይተናል። ይህን ከማፈር በቀር የምንለው የለም።

ስለ ውሉ ረጅም መናገር አያስፈልግም። የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የወንበሩ ቁጥር፣ ነዳጁ፣ የሾፌሩ አበልና የመናኸሪያው ኮቴ በማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ቀብዱም በደረሰኝ ይሰጥ። ቦሎው ያላለፈበት መሆኑንና መንጃ ፈቃዱ የሕዝብ ማመላለሻ መሆኑን ማየት ነውር አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ስለሆነ የመድኑን ወረቀት አሳየኝ ቢሉት የሚቆጣ ባለ መኪና ካለ ሌላ መኪና መፈለግ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጣቶች ጋር ከሶዶ ወደ አጆራ ሄደን ነበር። መኪናው ባለ 29 ወንበር ኮስተር ነው፤ በማለዳ የመጣው ሰው 36 ነው። ሁሉም «ተጠጋግተን እንሄዳለን» አለ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ቁልፉን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ነው» አላቸው የጉዞው ኃላፊ የሆነው ወጣት።

«ልጄ፣ እኔም የምነዳው ዛሬ ነው» አሉት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ክርክር ሆነ። የሽማግሌውን ግትርነት የተራገመም ነበር፤ ከተራገሙት መካከል እኛም መሆናችንን አንደብቅም። በመጨረሻ ኃላፊው የስሙን ዝርዝር አውጥቶ በስም ጠራ። መዋጮ ሳይከፍሉ የመጡ ሁለቱ ተመለሱ፤ ለቀሩት አምስት ሰዎች ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ብር ጨምረን ሌላ ትንሽ መኪና ያዝንላቸው። አጆራ ስንደርስ ሽማግሌው መኪናውን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁመው «ሁለት ሰዓት እንዳትቀሰቅሱኝ» ብለው ከኋላ ወንበር ላይ ተጋደሙ። ፏፏቴውን አይተን ስንመለስ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው እየመቱ ሲፈትሹ አገኘናቸው። ጀምበር ሳትጠልቅ አረካን አልፈን ሶዶ ገባን።