ወረፋውን የሚወስነው ቁጥር፦ የጤና ባለሙያዎች ዕቅድና የተገልጋዩ መዝገብ

ከጎተራ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚገጥማት ወረፋ የዚያ ዕለት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአመዛኙ የሚወሰነው ከወራት በፊት፣ የሠራተኛ መደብና በጀት በተያዘበት ወቅት ነው። በዚያ ወቅት በዕቅድ አውጪው ፊት የሚቀርበው ሰው ሳይሆን ቁጥር ነው።

በአገር አቀፉ መስፈርት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ይደራጃል። ሕዝቡ 40,000 መሆኑ የሚታወቀው ግን በምንድን ነው? አገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ያለው አኀዝ ትንበያ ነው። ትንበያ ለክልል ዕቅድ ይጠቅማል፤ ለአንድ ወረዳ ሲሆን ግን በእጅጉ ሊስት ይችላል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማን እንመልከት። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ምክንያት በርካታ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ መንደሮች ተዛውረዋል። ቤተሰብ በአንድ ቀን ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የነርስ መደብ ግን በዚያው ፍጥነት አይከተለውም። በአንጻሩ ለሥራ ወደ ካዛንቺስ መጥቶ የሚታመመው ሰው በነዋሪነት ስለማይቆጠር ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህም የሕዝብ ብዛትን ብቻ ከመመልከት ይልቅ የሥራ ጫናን መሠረት ያደረገ ስሌት የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ዘዴ አሠራሩ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሙያ በዓመት ካሉት 260 የሥራ ቀናት ለፈቃድ፣ ለበዓልና ለሥልጠና 40 ቢቀነስ 220 ይቀራል። በቀን ሰባት ሰዓት ለተገልጋይ ቢውል 1,540 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ተገልጋይ 20 ደቂቃ ቢወስድ ባለሙያው በዓመት 4,620 ሰው ያስተናግዳል። መዝገቡ 9,000 ተገልጋይ ካሳየ ሁለት ባለሙያ ይበቃል። በእርግጥ የመጡት 13,500 ከነበሩና በጥድፊያ ሳይመዘገቡ የቀሩ ካሉ፣ የሚያስፈልገው ሦስተኛ ባለሙያ በወረቀት ላይ አይታይም። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ በሥራ የተጨናነቀ ጤና ጣቢያ መዝገቡ ይጓደላል፣ መዝገቡ የጎደለበት ደግሞ ሠራተኛ ይነፈጋል።

ወረፋው እንዲህ እያለ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ሐኪሞችና ነርሶች ለምን ኖሩ የሚለው የተገልጋዮች ጥያቄ ተገቢ ነው። የሠልጣኙን ቁጥር የሚወስነው የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሲሆን፣ ቅጥሩን የሚወስነው የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በጀት ነው። ሐኪሞች በዕጣ በሚመደቡበት ዘመን ክፍተቱ እምብዛም አይታይም ነበር፤ የምሩቁ ቁጥር ሲያድግ ግን ገሃድ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ባለሙያዎች የሙያ ብቃት ምዘና ማን ለሥራ ብቁ እንደሆነ ይነግረናል እንጂ፣ ማን በሥራ ላይ እንዳለ አይነግረንም። ፈቃድ ይዞ ወደ ውጭ የሄደም፣ ሙያውን ትቶ ንግድ የገባም በዝርዝሩ ላይ እኩል ሰፍሮ ይገኛል። የምሩቃን፣ የፈቃድና የደመወዝ መዝገቦች ካልተናበቡ እጥረቱም ትርፉም በግምት ይነገራል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮት ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኮምፒውተር መግባቱ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው።

ተገልጋዮች በበኩላቸው የካርድ ቁጥራቸውን ይዘው እንዲቀርቡ፣ ካርድ ቢጠፋባቸው ቀድሞ የተመዘገቡበትን ሙሉ ስም እንዲናገሩ ይመከራል፤ አለበለዚያ አንድ ሰው እንደ ሁለት ይቆጠራል። መኖሪያ የቀየሩ ቤተሰቦችም በአዲሱ ወረዳቸው የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኝተው ቢመዘገቡ፣ የሕፃናት ክትባትና የእርግዝና ክትትል ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል።