ግቢው ቢሸጥ እኛን ምን አገባን ለሚሉ



ከወንዙ ማዶ ያለው የቀድሞው ፋብሪካ የሙከራ ግቢ እንደገና ባለቤት መቀየሩን ሁላችንም ሰምተናል። አጥሩ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትም መተላለፊያ ይዘጋል የሚል ወሬ ባለፈው ስብሰባ ሲነሳ፣ አንዳንዶቻችሁ «ባለገንዘብ ገዛ፣ እኛን ምን አገባን? ዝም አይነቅዝም» አላችሁ። በዚህ ከቶ አንስማማም።

የአንዲት አባላችን ልጅ አሜሪካን አገር፣ ኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል ከሚባል ከተማ አጠገብ ይኖራል። እዚያ የሆነውን ስሙ፤ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤል ላብስ የተባለው የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል በ1962 ግዙፍ የመስታወት ሕንፃ ከፈተ። በደህናው ጊዜ 6,000 ያህል ሰው ይሠራበት ነበር። ኋላ ባለቤትነቱ እንደ እቁብ ይዞር ጀመር። በ1984 የስልኩ ድርጅት ተከፋፈለ፤ በ1996 ለሉሰንት ደረሰ፤ በ2006 ሉሰንት ከፈረንሳዩ አልካቴል ጋር ተዋሐደ፤ በ2007 ሕንፃው ወና ሆነ። አፍርሶ ሌላ ሊሠራበት ያሰበ ገዥ መጥቶ ነበር፤ ሳይንቲስቶችና አርክቴክቶች ጮኹ፣ ሽያጩም ሳይሳካ ቀረ። በ2013 ሌላ ገዥ በ27 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ዛሬ ቢሮና ሱቅ ነው፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍትም በ2017 እዚያው ገብቷል። ምርምሩ ግን እንደቀድሞው አልተመለሰም፤ ይህንን አንደብቅም።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ሌላው ነው። እዚያው ከተማ፣ ክሮፎርድ ሂል በተባለ ኮረብታ ላይ፣ የዚሁ ኩባንያ ቀንድ የመሰለ ትልቅ አንቴና አለ። በ1964 ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ አንቴና የማያቋርጥ ሹሹታ ያዙ። የርግብ ኩስ ይሆናል ብለው ጠረጉት (ያን የሚያህል ሳይንቲስት ኩስ ሲጠርግ ይታያችሁ!)፤ ሹሹታው አልጠፋ አለ። ለካስ ከዓለም መጀመሪያ የተረፈ ጨረር ኖሯል! በ1978 ኖቤል ተሸለሙበት። ይህም ቦታ ኖኪያ እጅ ገብቶ፣ ከዚያ ለግል ገዥ ተሸጠ። ቤት ሊሠራበት ነው ሲባል ነዋሪው ፊርማ አሰባሰበ፣ ከየስብሰባው አልቀረም። በ2023 ከተማው 14 ሄክታር ያህሉን በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ መናፈሻ አደረገው።

ልብ በሉ፣ የገዥውን ንብረት ማንም አልቀማም፤ ዋጋው ተከፍሎታል። እኛም የሰው ንብረት እንቀማ አላልንም። «እነሱ ዶላር አላቸው» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ግን እኛ የምንጠይቀው መናፈሻ ሳይሆን የሦስት ሜትር መተላለፊያ ነው። አዲሱ ባለቤት ምን ሊሠራበት እንዳሰበ፣ ጭስና ፍሳሽ ይኖረው እንደሆነ፣ አጥሩ ከመቆሙ በፊት ቀርቦ ይንገረን። ባለፈው ግቢው ሲሸጥ የማኅበሩም ሰዎች ዝም ብለን ነበር፤ የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ክረምቱን ጎርፍ ማን ቤት እንደገባ ታውቃላችሁ።

የፊርማው መዝገብ እድር ቤት፣ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት