የሠራንበት ክፍያ በወቅቱ ይድረሰን፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝርም በአደባባይ ይነበብልን

ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በራሱ መመሪያ መሠረት እንዲፈጸምልን ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንን በአባሪ ወረቀት ላይ ያሰፈርንና ጣታችንን ያሳረፍን አመልካቾች በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በይፋት ቆላ የምንኖር አርሶ አደሮች ነን። ማሽላና ማሾ እንዘራለን። ወንዝ ዳር መሬት ያለን ሽንኩርት እናለማለን፤ የሌለን በሰው ማሳ የቀን ሥራ እንውላለን። ከመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ አማርኛ የሚናገር፣ አርጎብኛ የሚናገር፣ ኦሮምኛ የሚናገርም አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቃላችን አንድ ስለሆነ በአንድ ወረቀት አቤት ብለናል።

አስቀድመን ግልጽ እንዲሆንልን የምንፈልገው ነገር አለ። እርዳታ ይጨመርልን ብለን አልመጣንም፤ ፕሮግራሙ ይቅርም አላልንም። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ በአገሪቱ ወደ 13 ሚሊዮን ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆኖ እንደነበር ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲያ ነው በየዓመቱ «ድረሱልን» እያሉ መለመን ቀርቶ፣ ችግሩ የከፋበት ሰው የሚያገኘውን ቀድሞ የሚያውቅበት አሠራር እንዲዘረጋ ተወስኖ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው። የቀን ክፍያው ያኔ 6 ብር ነበር። መሥራት የሚችል ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ አቅም የሌለው አረጋዊ፣ ሕመምተኛና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል እንዲያስገኝ ነው ስሌቱ። ይህን ያሰበውን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው እንላለን። አቤቱታችን የታሰበልን ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ መልክ ስለያዘ ነው።

ሥራውን ሠርተናል። ክረምት ሲገባ ከደጋው ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ የቆላውን ማሳ እየቆረሰ ይወስድ ነበር። በዶማና በአካፋ እርከን አውጥተናል፤ ድንጋይ በባሬላ ተሸክመን ክትር ሠርተናል። ደለሉ ተይዞ ዛሬ ከብት የሚበላው ሣር የበቀለበት ሸለቆ አለ። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ እኛው መንገድ እንመራለን።

ክፍያው ግን በጊዜው አይደርሰንም። የማኅበረሰብ ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመኸሩ እህል ከጎተራ የሚያልቀው፣ አዲሱም ገና የሚዘራው በዚያ ወቅት ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ የየካቲት ሥራ በሰኔ ይከፈላል፤ የመጋቢትና የሚያዝያው ተጠቃሎ ሐምሌ ላይ የሚመጣበት ዓመት አለ። በመሀል ሰው ምን በልቶ ይከርማል? ፍየል ያለው ፍየሉን እሑድ ሰንበቴ ገበያ አውርዶ ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ወር በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ፍየል የሌለው ነጋዴ ደጅ ይቆማል። ማሾ በሐምሌ መዘራት አለበት፤ ሐምሌ ለማንም አይጠብቅም። ስለዚህ ዘሩ በብድር ይገዛል፤ ብድሩም ምርት ሲደርስ ነጋዴው ራሱ በቆረጠው ዋጋ በማሾ ይመለሳል። ገንዘቡ በመጨረሻ ሲከፈል ወደ ቤት አይገባም፤ ከተከፈለበት ቦታ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሄዳል። የብሩ ቁጥር በወረቀት ላይ ያው ነው። እህል ግን በክረምት የሚሸጥበት ዋጋ የየካቲት ዋጋ አይደለም፤ 3 ኪሎ ይገዛል የተባለው ብር 3 ኪሎ አይገዛም። የጎደለውን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ እንዳይራብና ያለውን ጥሪት እንዳይሸጥ የወጣ ፕሮግራም በመዘግየቱ ብቻ ጥሪት የሚያሸጥ ከሆነ ደሃው ምን ይዞ ይወጣል?

ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በጀት አልተለቀቀም፣ እኛ ጋ አይደለም።» ቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወረዳም ወደ ዞን ይልከናል። ለዞኑ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን መሄድ ያስፈልጋል፤ የመኪና መሳፈሪያው ደግሞ ከምንጠይቀው ክፍያ ላይ የሚቀነስ ነው። ደጅ ጥናቱን ያቋረጥነው ጥያቄያችን ተመልሶ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ዝርዝሩ ነው። መመሪያው የተጠቃሚዎች ስም በአደባባይ እንዲለጠፍና ሕዝቡ እንዲተችበት ያዝዛል። እኛ ግን ስማችን መኖሩን ወይም መሰረዙን የምናውቀው የክፍያ ቀን ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት አረጋዊት እናታችን የተጠቃሚ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በመቀነታቸው ቋጥረው መጡ። ከፋዩ በጣቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረደና «እማማ፣ ተመርቀዋል» አላቸው። ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም። አጠገባቸው ያለ ሰው ከሴፍቲኔት ወጥተዋል ማለቱ ነው ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም «ምን አገኘሁና ነው የምወጣው?» ብለው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው የለም። ኋላ እንደሰማነው ምክንያቱ የልጃቸው ቤት ቆርቆሮ መልበሱ ነው። ልጁ ሌላ ቀበሌ ነው የሚኖረው፤ የራሱን ልጆች ያሳድጋል። ምረቃ ማለት ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ 12ቱንም ወር ራሱን መመገብ ሲችል፣ መጠነኛ ችግር ቢደርስበትም ሲቋቋመው ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር። እኚህ ሴት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ውሃ የሚቀዱላቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ለዚህ ጉዳይ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ ይባላል፤ በወረቀት አለ። ነገር ግን በእኛ ቀበሌ ስም የሚመርጠው ግብረ ኃይልና ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡት በአብዛኛው ያው ሰዎች ናቸው። የፈረደ ሰው በራሱ ፍርድ ላይ ይግባኝ ሰሚ ሲሆን ባለጉዳዩ ምን ይላል? ቅሬታችን አይመዘገብም፤ መልሱም በቃል «ይታያል» ነው። በሕግ አምላክ ብለን የምንጮኸው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው።

ሌሎች ቅሬታዎችም አሉን። ነፍሰ ጡር ሴት ከሥራ ወጥታ በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ መያዝ ሲገባት፣ ሆዷ ገፍቶ ድንጋይ ስትሸከም አይተናል። ከደመወዛችን ላይ የማዳበሪያ ዕዳና መዋጮ ተቆርጦ የሚሰጠንም ጊዜ አለ። ዕዳችንን አንክድም፤ ግን ለብቻው ይጠየቅ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ ቤታችንን ጥለን የሸሸን ሰዎች ስንመለስ ካርዳችን ከቤቱ ጋር ጠፍቶ ነበር። «ካርድ ካልያዝክ አናውቅህም» የተባለ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ፤ ያላወቀው ሰው ከአንድ ጎጥ ያደገ ጎረቤቱ ነው።

ባለሥልጣኖቻችንን በጅምላ ሌባ ለማለት አልተነሣንም። የልማት ሠራተኞቻችን በፀሐይ ከእኛ ጋር ሲለኩና ሲቀይሱ የሚውሉ፣ የራሳቸውም ደመወዝ የሚዘገይባቸው ልጆች ናቸው። መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንክ የማይከፈትበት ጊዜ እንዳለም እናውቃለን። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ሰኔ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቆሙ የተቀጣው ማን ነበር? እህሉን ያዞረው ሰው አልተራበም። ለወራት ራሽኑ የቀረበት አንዲት ኪሎ ያልነካው ደሃ ነው። ዝርዝሩ በአደባባይ ቢነበብ ኖሮ የመንደሩ ሰው ራሱ ጠባቂ ይሆን ነበር።

የምንጠይቀው አሠራር በሌላ አገርም ተሞክሯል። የተማሩ ልጆቻችን እንደነገሩን ሕንድ የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ያወጣችው ሴፍቲኔት በተጀመረበት በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚያ ሕግ ክፍያው ከ15 ቀን ካለፈ ለሠራተኛው ካሳ እንዲታሰብለት፣ የሥራውም መዝገብ በመንደር ጉባኤ እንዲመረመር ተደንግጎ ነበር። እኛ ካሳ አልጠየቅንም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 41 ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች አቅም በፈቀደ መጠን ድጋፍ እንዲመደብ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ የሚነካን የልማት ሥራ ሲታቀድ አስተያየታችንን የመስጠት መብት ሰጥቶናል።

ስለዚህ ተቋሙ ሰው ልኮ የክፍያ ሰነዱን ከሥራ መቆጣጠሪያው ጋር እንዲያመሳክርልን፣ የአንድ ወር ሥራ ሌላ ወር ሳይደረብበት እንዲከፈል እንዲያሳስብልን በትሕትና እንለምናለን። ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ የማይችል ብዙ ነውና በስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍም ይነበብ። ቅሬታ ሰሚው በምርጫው ካልነበሩ ሰዎች ይቋቋም፤ መልሱንም ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ ይስጠን። ካርዱ የጠፋበት ሰው በጎረቤቶቹ ምስክርነት ይተካለት። የእናታችን ጉዳይ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይታይ፤ ዕድሜያቸው ብዙ ቀጠሮ አይችልም።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለን። ይህን አቤቱታ ስንፈርም «ነገ ከዝርዝሩ ትሰረዛላችሁ» ያሉን ሰዎች ነበሩ፤ ፈርተው የቀሩም አሉ፤ አንፈርድባቸውም። ስማችንና አሻራችን በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለተያያዘ፣ ተቋሙ ለምርመራው ካላስፈለገው በቀር ለማንም እንዳይገልጥብን፣ ከአመልካቾቹ አንዱ ከዛሬ ወዲህ ከፕሮግራሙ ቢወጣም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲጠይቅልን እናመለክታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የይፋት ቆላ አርሶ አደሮች