ሊኑክስ የሚሠራበትን ላፕቶፕ ስለ መግዛት

ልጃቸውን ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ወላጆች ለላፕቶፕ የሚያወጡት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የዕቁብ ዕጣ ወይም የዓመት ቁጠባ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው ለታሰበው ሥራ የሚስማማ መሆኑን መመርመር ተገቢ ነው። በዚህ ወር የምናወሳው ሊኑክስ ስለሚባለው ሥርዓት ነው።

ሊኑክስ የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊኑስ ቶርቫልድስ ገና ተማሪ ሳለ በ1983 ዓ.ም. ያስተዋወቀው፥ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ኡቡንቱ በ1997 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ ስሙ የተወሰደው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ ገልብጦ ለጎረቤት መስጠትም የተፈቀደ ነው። ያለ ፈቃድ ተገልብጦ የሚጫነው ዊንዶውስ ግን፥ ልማድ አደረግነው እንጂ፥ የሌላውን ንብረት ሳይከፍሉ መውሰድ ነው። ይህን ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው መኖሩን እንጃ!

ነገር ግን ሊኑክስ በማናቸውም ላፕቶፕ ላይ እኩል አይሠራም። ዋይፋዩ፥ ድምፁ፥ ካሜራው እያንዳንዳቸው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል፤ ሠሪው ፋብሪካ ይህን ለዊንዶውስ ብቻ አዘጋጅቶ ከተወው ክፍሉ ድዳ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ አዘውትሮ የሚታየው በዋይፋዩ ላይ ነው። የኢንቴል ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራል፤ ከብሮድኮም ዋይፋዮች ብዙዎቹ ግን ድራይቨራቸው ለብቻው እንዲጫን ይጠይቃሉ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱም የሚመጣው በዚያው በማይሠራው ዋይፋይ ነው! ከገበያ ከወጣ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ላፕቶፕም ያሠጋል፤ የሊኑክስ ሠሪዎች ክፍሎቹን ገና አላወቋቸው ይሆናልና። ስለዚህ እኛ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለውን ሞዴል እንመርጣለን።

«የጓደኛዬ ላፕቶፕ ይህንኑ ስም የያዘ ነው፥ በእርሱም ላይ ሠርቷል» ማለት አይበቃም። ውጫዊው ስም አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ የተገጠመው ዋይፋይ የተለያየ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል መርምሮ ያጸደቃቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣል፤ እርሱን ማየት ይረዳል፥ የገዛ ዓይንን ግን አይተካም።

እንግዲህ ፈተናው እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ ኡቡንቱን አውርዶ 16 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ነው። ይህም ፋይል እንደ መገልበጥ አይደለም፤ የራሱ ፕሮግራም ስላለው የሚያውቅ ተማሪ ያዘጋጀው። ከዚያም ፒያሳ ካለው ሱቅ ሲደርሱ ፍላሹን ሰክቶ ላፕቶፑን ማስነሣት ይገባል። በሌኖቮና በዴል ላፕቶፖች ኤፍ 12፥ በኤችፒ ኤፍ 9 ሲጫኑ በብዙዎቹ የመነሻ ምርጫ ይመጣል። ቀጥሎ የሚመረጠው «መሞከር» የሚለው ነው፤ «መጫን» የሚለው ከተመረጠ የሻጩን ዲስክ ሊያጠፋ ይችላልና ተጠንቀቁ። ሥርዓቱ ከፍላሹ ሲነሣ ዋይፋዩን ከስልክ ጋር ማገናኘት፥ ድምፅ ማሰማት፥ ካሜራውን መክፈት፥ የብርሃኑን መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ክዳኑን ዘግቶ እንደ ገና መክፈትም አይዘንጋ፤ ብዙ ላፕቶፖች የሚወድቁት በዚህ ነው። ሁሉም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ያህል የማይታገሥ ሻጭ ሲያጋጥም ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።

አማርኛውንም መጻፍ ይሞከር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፥ ኡቡንቱ ላይ «ሥላሴ»ን በንጉሡ ሠ መጻፍ አያስቸግርም። ፓወር ግዕዝ ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቆዩ ጽሑፎች በጥንቱ ፎንት የተጻፉ ከሆኑ በሊኑክስ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ከእነርሱ አንዱን በፍላሽ ይዞ ሄዶ እዚያው ከፍቶ ማየት መልካም ነው።

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሚማርበት ፒችትሪ፥ የምህንድስናውም አውቶካድ ለሊኑክስ አልተሠሩም። ልጁ የሚማረው እነዚህን ከሆነ፥ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ አብሮት የመጣ ላፕቶፕ ይገዛለት፤ ሊኑክሱ በኋላ በጎኑ ሊጨመር ይችላል።