ሰዓት ሲዛባ የሚዘጋ በር

ሁለቱ ተሟጋቾች ወሎ ውስጥ አርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ዘርግተዋል፣ ሰርቨር ጠግነዋል። የቢሮ ሠራተኞች የጋራ ፎልደር ሲጠቀሙ ጥበቃው ምን ያህል ይጥበቅ በሚለው ላይ ግን ሊስማሙ አልቻሉም።

ይጥበቅ ባይዋ

ከአርዲቦ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ተቋም የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር እምቢ ብሎ ተጠራሁ። ኃላፊውን አጠገቤ አስቀምጬ የራሴን ላፕቶፕ ስዊቹ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ላፕቶፔ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ከፈትኩና መለያ ቁጥሩን 1001 አደረግኩት፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቁጥር ነው። የጋራ ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ከነስሙ ተደርድሯል። የይለፍ ቃል ሰብሬ አይደለም። የጠየቀኝም የለም።

ሰርቨሩ የተበላሸ ነገር አልነበረበትም፤ ፎልደሩን በኔትወርክ የሚያጋራው የኤንኤፍኤስ ጠባዩ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው በአንድ ግቢ ያሉ ማሽኖች ይተማመናሉ ተብሎ ነበር። ደንበኛው ማሽን «እኔ እገሌ ቁጥር ነኝ» ይላል፣ ሰርቨሩ ያምነዋል። «የቤቱ ልጅ ነኝ» ያለ ሁሉ ሰተት ብሎ ጓዳ ይገባል ማለት ነው።

መላው ኬርቤሮስ ነው፤ ኤምአይቲ የሠራው የማንነት ማረጋገጫ። ሠራተኛው ጠዋት አንዴ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ትኬት ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ የሚቀበለው ትኬቱን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ኤንኤፍኤስ ከኬርቤሮስ ጋር ሲሠራ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ማንነትን ብቻ ያጣራል፤ ሁለተኛው ፋይሉ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሁሉንም ይመሰጥራል። ለበሽተኛ መረጃ ከሦስተኛው በታች መውረድ የለብንም። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ወርዶ ሎጎ ሐይቅ ይገባል፤ ላይ የተደፋው ታች ይቀዳል። ሳይመሰጠር በቢሮ ሽቦ የሚያልፍ ፋይልም እንዲሁ ነው፤ መሃል ላይ ገብቶ የሚቀዳ አይጠፋም። ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። «አላወቅንም ነበር» ብሎ ማለፍ ቀርቷል።

ይቅለል ባዩ

እኅቴ፣ ያየሽው እውነት ነው፤ ያ ፎልደር እንደዚያ መከፈት አልነበረበትም። ግን ኬርቤሮስን እኔም ተክዬው አይቻለሁ።

ኬርቤሮስ በሰዓት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። በሠራተኛው ማሽንና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ካልነካካሽው በቀር፣ ትኬት የለም። አንድ ቢሮ ውስጥ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። የሰርቨሩ ትንሿ ባትሪ ሞታ ስለነበር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመለሰ። ጠዋት አንድ ደግ ሠራተኛ ቀኑን አስተካከለና፣ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አይቶ፣ 3፡00 ብሎ ጻፈ። ለእኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የሌሊቱ 9 ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሙሉ! የሚገባው ሰው ሁሉ ትክክለኛ የይለፍ ቃል እያስገባ በር ተዘጋበት። እኔ ደርሼ ስሕተቱን እስካገኘው እኩለ ቀን አለፈ።

ሥራው ቆመ? አልቆመም። ፋይሉ በፍላሽና በቴሌግራም ዞረ፤ ከፍላሹ ጋር ሾርትከት ቫይረስም አብሮ ዞረ። ሰው የማይከፈት በር ሲገጥመው በመስኮት ይገባል፤ ያን መስኮት ደግሞ እኔም አንቺም አንጠብቀውም።

ዋናዎቹ ጉዳቶች ከየት እንደመጡም እንይ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በአሮጌው የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ፣ በኤስኤምቢ1 ቀዳዳ ነው፤ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የጎደለው አፕዴት የሚያደርግ ሰው ነበር። እዚሁ ወሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከየቢሮው ኮምፒውተር ተዘርፏል። ሽቦ ላይ ያለ ምስጠራ በጀርባ ተሸክመውት ለሚሄዱት ሳጥን ምን ይፈይዳል?

እኔ የምለው አዲሱ ኤስኤምቢ3 ይግባ፤ እንግዳ መግቢያው ይዘጋ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠው። ኤስኤምቢ3 አንዱን ፎልደር ብቻ ለይቶ መመስጠር ስለሚችል የበሽተኛው ፎልደር ይመስጠር፣ የደብዳቤው ይቅር። የካርድ ክፍሉ ስዊች ለብቻው ይሁን። ከሁሉ በላይ ዲስኩ ይመስጠር፣ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ይህን አንድ ቴክኒሻን ወር በወር ሊጠብቀው ይችላል። ያንቺን ማን ይጠብቀዋል?

ይጥበቅ ባይዋ ትመልሳለች

ጋሼ፣ የ3፡00 ታሪክዎ አስቆኛል፤ ግን ጥፋቱ የኬርቤሮስ አይደለም። ኬርቤሮስ ማሽኖቹ እርስ በርስ እንዲስማሙ ነው የሚሻው እንጂ ከለንደን ጋር እንዲስማሙ አይደለም። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ አንዱ ማሽን የሰዓት አለቃ ይሆናል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ፤ የሰው እጅ አይነካውም። የሞተችው ባትሪም ሳንቲም የምታክል ናት።

ስለ ኤስኤምቢ3 ያሉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኬርቤሮስ በሌለበት ማንነት የሚያጣራው ኤንቲኤልኤም የተባለው የቆየ ዘዴ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ከእንግዲህ እንደማያሳድገው አስታውቋል። ነገ ለሚነሣ ምሰሶ ዛሬ ጣራ አናልብስ።

የዲስኩ ምስጠራ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔው በር በእርስዎ ቤት ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ሲነሣ የዲስኩን ቁልፍ የሚያስገባ ሰው ያሻዋል። ቁልፉን የያዘው ሰው ያን ቀን ደሴ ከዋለስ? ያው ፍላሽ፣ ያው ቴሌግራም።

በአንድ ነገር እሸነፋለሁ። ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ምስጠራን የሚያፋጥን የራሳቸው ትእዛዝ የላቸውም፤ በልገሳ የመጡ አሮጌ ማሽኖች ሁሉን መስጥሩ ሲባሉ ይንቀረፈፋሉ። ስለዚህ ደብዳቤና ቅጽ ማንነቱ ብቻ ይጣራ፤ ሙሉ ምስጠራው ለካርድ ክፍል ይቆይ። ዲስኩ ይመስጠር ያሉትንም ተቀብያለሁ፤ ቁልፉን ሁለት ሰው ይያዘው።

እርስዎም ወደዚያ ቢሮ ሲመለሱ ባትሪዋን ይቀይሩልኝ። ቁጥር 1001 ግን ያለ ትኬት ጓዳ አይግባ።